ከሐይቅ የመጣ ዓሣ



እኛ የወሎ ሴቶች ዶሮ መበለትን የተማርነው ከእናቶቻችን አጠገብ ቁጭ ብለን ነው። አሥራ ሁለቱን ብልት በእጃችን ዳበሳ ብቻ እንለያለን፤ ሽታው እስኪለቅ ስንት ውኃ እንደሚፈጅ፣ ሎሚና ጨው መቼ እንደሚገባ የሚነግረን አንፈልግም። ዓሣ ሲመጣ ግን እጃችን ይፈራል። ያዳልጣል፣ ዓይኑ ያፈጣል፣ ሽታው ቤቱን ይይዘዋል እያልን እንሸሻለን። ብዙዎቻችን ዓሣ የምንቀምሰው በመንገዳችን ሐይቅ ከተማ ላይ ስንወርድ ወይም ሆቴል ስንጋበዝ ነው፤ ወደ ጓዳችን አይገባም። በእህቶች ኅብረት ላይ ይህን ነገር ባነሣሁ ቁጥር የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ እንብላው ብንል ማን ያጸዳዋል? እንግዲያው በዚህ ወር ዓምዳችን እጅጌያችንን ሰብስበን ዓሣ እናጸዳለን።

ከደሴ ተነሥቶ በወልድያው መንገድ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ሰው ሐይቅ ይደርሳል። ስለ እስጢፋኖስ ገዳምና በ13ኛው መቶ ዘመን ስለነበሩት ስለ አባ ኢየሱስ ሞዓ ሁላችን ሰምተናል፤ ስለ ዓሣው ግን ብዙ አልተነገረንም። በውኃው ውስጥ ቅርፊት ያለው ጠፍጠፍ ያለ ቆሮሶ አለ፤ ቲላፒያ የሚባለው እርሱ ነው። ጢም ያለውና ቆዳው ልሙጥ የሆነው አምባዛ አለ። ካርፕም አለ። የሚገርመው፣ ሁላችን የምንሻማበት ቆሮሶ ለሐይቁ እንግዳ ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ውኃ አምጥተው የጨመሩት ነው። አምባዛው ግን ነባር ነው።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ስልክ ሲደውሉ ስለ ሳልመን ይነግሩናል። እርሱ የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ስለሆነ በእኛ ሐይቅ አይገኝም። የሳልመን ዘመድ የሆነው ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ለምዷል፤ ለደሴና ለኮምቦልቻ ገበያ ግን ሩቅ ነው። እውነቱን ለመናገር ቆሮሶ የሳልመንን ያህል ስብ የለውም፤ ለልብ ጥሩ ነው የሚባለው ቅባትም በሳልመን ይበልጣል። ቢሆንም ለሚያድግ ልጅ የሚሆን ጥሩ ፕሮቲን ነው፣ ለሆድም ቀላል ነው። የማጽዳቱም ሥራ ቢሆን ከሁለቱ በአንዱ የተማረች ሴት በሌላው አትቸገርም፤ ቅርፊት፣ ሆድ ዕቃ፣ አከርካሪ ያው ነው።

አሁን ስለ ዓሣ ለመጻፍ ያስነሣኝን ልንገራችሁ። የምንኖረው ከሙስሊም ጎረቤት ጋር በአንድ ግቢ፣ ከኦርቶዶክስ ጎረቤት ጋር በአንድ አጥር ነው። ቡና አብረን እንጠጣለን፣ ለቅሶ አብረን እንቀመጣለን። ሥጋ ሲመጣ ግን ገበታው ይለያል። እኛ ያረድነውን እነርሱ አይበሉም፤ እነርሱ ያረዱትን ከእኛ መካከል የማይበላ ብዙ ነው። ሠርግ ስንደግስ ለሙስሊም እንግዶቻችን ሌላ በሬ ወይም በግ እናቆማለን፣ የሚባርክ ሙስሊም ጠርተን እናሳርዳለን፣ ድስቱንም እንለያለን። ይህ የወሎ ጨዋነት ነው፤ አልነቅፈውም። ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በያዘባቸው በ2014 ዓ.ም. የጥቅምት መጨረሻና የኅዳር ቀናት በር ዘግተን በተቀመጥንበት ጊዜ ከጓዳ ወደ ጓዳ ሲተላለፍ የነበረው ሽሮና ቆሎ ነበር። ሽሮ ማን አረደው አይባልም።

ዓሣም እንደዚያው ነው። በእስልምና ሥርዓት ዓሣ መታረድ አያስፈልገውም፤ ማን አጠመደው፣ ማን አጸዳው ተብሎ አይጠየቅም። በኦርቶዶክስ ወገኖቻችንም ዘንድ ብዙ ሰው በጾም ጊዜ ይበላዋል፣ የማይበላውም አለ፤ ስለዚህ ጠይቆ ማወቅ ነው። የጴንጤ ቤት፣ የሙስሊም ቤትና የኦርቶዶክስ ቤት ከአንድ መጥበሻ የሚበሉት፣ ከሥጋ ወገን የሚቆጠር ምግብ ከዚህ ሌላ አላውቅም። ይህን ያህል በር የሚከፍት ነገር 30 ኪሎ ሜትር ላይ ተቀምጦልን፣ ማጽዳት ስለማናውቅ ብቻ ብንተወው ያሳዝናል። ደግሞም እደግመዋለሁ፤ የተበላሸ ዓሣ ለጎረቤት ከመላክ ምንም አለመላክ ይሻላል። ጎረቤትን በሆድ ቁርጠት ያሳደረ ሳህን ሁለተኛ አይከፈትለትም።

መጽሐፍ ቅዱስን ለሚወዱ አንድ ነገር ልጨምር። የዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 6 ስለ ልጁ ሁለት ዓሣዎች፣ በምዕራፍ 21 ደግሞ ጌታ በፍም ላይ ስላስቀመጠው ዓሣ ሲናገር የሚጠቀምበት የግሪክ ቃል ኦፕሳሪዮን ነው። ትርጉሙ ከእንጀራ ጋር የሚቀርብ ነገር፣ በእኛ ቋንቋ ማባያ ማለት ነው። በዚያ ማለዳ ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ደክመው ሲመጡ ቁርሱ ተሰናድቶ ጠበቃቸው። ጌታ ዓሣ ጠብሷል። በኮሌጅ ሳለን ስለ 153ቱ ዓሣዎች ቁጥር ብዙ ተከራክረናል፤ ያንን ፍም ማን እንዳቀጣጠለው፣ ያንን ዓሣ ማን እንዳጸዳው ግን የጠየቀ ሰው አላስታውስም። ጓዳ የምትውል ሴት ግን ወዲያው ትጠይቃለች።

በገሊላ ባሕር ዛሬም የቆሮሶ ወገን የሆነ ዓሣ አለ፤ ለጎብኚዎች የጴጥሮስ ዓሣ እየተባለ ይቀርባል። አምባዛም አለ፤ እርሱማ ዘመዱ ሳይሆን ራሱ የእኛው አምባዛ ነው። በማቴዎስ 13 ላይ ዓሣ አጥማጆቹ በዳርቻ ተቀምጠው መልካሙን በዕቃ የሚለቅሙት፣ ክፉውን የሚጥሉት ለምን እንደሆነ ብዙ መምህራን ሲያብራሩ፣ በኦሪት ዘሌዋውያን 11 መሠረት ቅርፊት የሌለውን አምባዛ ከመረቡ ሲለዩ ነው ይላሉ። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግዢው። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ ወጣ ያለና ጥርት ያለ ነው፤ የሰነበተው ዓይኑ ይሰረጉዳል፣ ጉም የለበሰ ይመስላል። ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገለጥ አድርጋችሁ ስንጥቡን እዩ፤ የሚተነፍስበት ነው። ደማቅ ቀይ ከሆነ ግዙ፤ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነና ዝልግልግ ካለ ተዉት። በጣታችሁ ጫን ስታደርጉት ሥጋው ተመልሶ ይነሣ። ሽታው የውኃና የቄጤማ እንጂ አፍንጫ የሚወጋ አይሁን። አንዳንድ ሻጮች ውኃ ያርከፈክፉበትና ቅርፊቱን ያብለጨልጩታል፤ ቅርፊት ግን ይዋሻል፣ ስንጥብ አይዋሽም። ለዚህ ነው የተዘጋጀ ፊሌቶ ከመግዛት ሙሉውን መግዛት እመርጣለሁ የምለው። ፊሌቶ ዓይንም ስንጥብም የለውም፤ የሚመሰክርበትን ከላዩ አንሥተውለታል። ጊዜ የሌላት እህት ሙሉውን መርጣ እዚያው ፊቷ ታስጸዳ።

ከእጅ መዳፍ ያነሰውን ቆሮሶ አትግዙ። ዋጋው ይረክሳል፣ አውቃለሁ። ግን ሥጋ የለውም፣ እሾህ ብቻ ነው፣ ሐይቁንም ያራቁታል። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድጋቸው፤ አፏ ሞልቶ ሳለ ምግብ አትበላም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለችውን እናት ከነልጆቿ ማንሣት ለከርሞ የሚተርፍ ነገር አያስቀምጥም። አገራችን በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ን ስታወጣ ያስጨነቃት እንዲህ ያለው ነገር ነው። አዋጁን የሚያስከብረው መንግሥት ቢሆንም፣ ትንሹን ዓሣ የምትገዛ ሴት ከሌለች የሚያጠምደውም አይኖርም።

ቀጥሎ ጉዞው። እዚህ ላይ የደሴና የኮምቦልቻ ነገር ይለያያል። ደሴ ከፍታ ላይ ናት፣ ብርዱም ይረዳል፤ ከሐይቅ ተነሥቶ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ቤት ይገባል። ለኮምቦልቻ ግን ሌላ 25 ኪሎ ሜትር አለ፤ ሐረጎን ወርዳችሁ ቆላው ሙቀት ሲቀበላችሁ ዓሣው ከእናንተ በፊት ይደክማል። ዓሣ ያለ በረዶ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ በሙቀት ከዚያም ያነሰ። ቢቻል ሐይቁ ዳር ሆዱን አስከፍቱና ሆድ ዕቃውን አስወጡ፤ ቶሎ የሚበላሸው ከውስጥ ነውና። በፌስታል አፍኖ ማሰር ያሞቀዋል። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ በዘንቢል አድርጋችሁ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያዙት። ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አስቀድማችሁ አርግታችሁ ከሄዳችሁ ከዚህ የተሻለ የለም፤ በረዶ ሻጭ መፈለግ አያሻችሁም። በሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ከወንበር ሥር ሊገፋው ይፈልጋል፤ እዚያ ሞተሩ ያሞቀዋል፣ እምቢ በሉ።

አሁን ቢላውን አምጡ። አንድ ስል ቢላ፣ አንድ ሳፋ፣ አንድ ባልዲ ውኃ፣ ጨው፣ ሁለት ሦስት ሎሚ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ አትጨነቁ፤ ዓሣ ብዙ ውኃ አይፈልግም። እንዲያውም እንደ ዶሮ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ማጠብ፣ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ጣዕሙን አውጥቶ ሥጋውን ያላሽቀዋል። በዱቄት ሳሙና ያጠበች ሴት ሰምቻለሁ፤ እባካችሁ ይህ አይደረግ።

ሥራው ግቢ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ዓሣውን በጭራው በኩል በጨው በነካ እጅ ያዙ፤ ጨው አያዳልጥም። በቢላው ጀርባ ከጭራ ወደ ጭንቅላት እየፋቃችሁ ቅርፊቱን አንሡ። ወደ ጭንቅላት የምንፋቀው ቅርፊቱ ወደ ጭራ ስለተኛ ነው፤ በተኛበት አቅጣጫ ብትፍቁት ቀኑን ሙሉ ብትውሉ አይነሣም። ቅርፊት እንደ ፈንዲሻ ይበተናል፤ ፀጉራችሁን ሸፍኑ። ዓሣውን ሳፋው ውኃ ውስጥ አጥልቃችሁ ከፋቃችሁት አይበተንም። ከክንፎቹ ሥርና ከሆዱ አካባቢ የሚቀር ቅርፊት አለ፤ ዓይን አያየውም፣ ጥፍር ያገኘዋል። የጀርባው ክንፍ እሾህ ይወጋል፤ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በመቀስ ቁረጡት። ከወጋችሁ በሳሙናና በውኃ ታጠቡ፤ ካበጠ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ሆዱን ስትከፍቱ ከኋላ ካለው ቀዳዳ ጀምራችሁ ወደ አንገቱ ውጡ፤ የቢላውን ጫፍ ብቻ አስገቡ። በጥልቀት ከገባችሁ ሐሞቱ ይፈሳል። የዶሮ ሐሞት ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ይህም እንዲሁ ነው። ከፈሰሰ ወዲያው በጨውና በሎሚ አሽታችሁ አጥቡት፤ አረንጓዴ የነካውን ቁራጭ አውጥታችሁ ጣሉ። ሆድ ዕቃውን በሙሉ በእጅ ሰብስባችሁ በአንድ ጊዜ ሳቡት። ከዚያ ብዙ ሰው የሚረሳቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የቆሮሶን ሆድ ከውስጥ የሚሸፍነው ጥቁር ስስ ሽፋን ነው፤ በጨርቅ ወይም በጨው ፈትጋችሁ አንሡት። ሁለተኛው በአከርካሪው ሥር ተጋድሞ የረጋው ደም ነው፤ በጥፍራችሁ ወይም በማንኪያ ጫፍ ቆፍራችሁ አውጡት። ዓሣ ይሸተኛል የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሸተታቸው እነዚህ ሁለቱና ያልወጣው ስንጥብ ናቸው። ጭንቅላቱን ብታስቀሩም ስንጥቡን ግን ግራና ቀኙን ቆርጣችሁ አውጡት። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ፣ ሎሚና ጨው መቀባት፣ አሥር ደቂቃ ማቆየት፣ ማለቅለቅና በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ። በቃ። እጃችሁንም በሎሚው ልጣጭ እሹት።

ሆድ ዕቃውንና ቅርፊቱን ቱቦ ውስጥ አትድፉ፤ በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ዓሣ እንደበላችሁ ያውቃል። ከጎመን መደብ አጠገብ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ድመት ያወጣዋል።

ፊሌቶ ማውጣት ለምትፈልግ፤ ዓሣውን በጎኑ አስተኝታ ከጭንቅላቱ ኋላ እስከ አከርካሪው ትቁረጥ፣ ከዚያ ቢላውን አጋድማ አጥንቱን እየተደገፈች እስከ ጭራ ትሂድ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ዓሣዎች ላይ ብዙ ሥጋ አጥንቱ ላይ ይቀራል፤ ለሾርባ ይሆናል፣ አትዘኑ። ቆዳውን ለመግፈፍ ቆዳው ወደታች ሆኖ ጭራውን በጨው ይዛ ቢላውን በቆዳውና በሥጋው መካከል ታንሸራት። መሐሉ ላይ በጣት ስትዳብስ የምታገኘውን የእሾህ መስመር ግራና ቀኝ ቆርጣ ታውጣ። ከአንድ ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ ሲሶ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ የቤተሰባችሁን ብዛት ቆጥራችሁ ግዙ።

አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ዝልግልግ ነው። በአመድ ወይም በጨው አሽታችሁ ዝልግልጉን አንሡ፣ በአንገቱ ዙሪያ ቆዳውን ቁረጡ፣ ጭንቅላቱን ምስማር ላይ አንጠልጥላችሁ ቆዳውን በፒንሳ ወደታች ሳቡት፤ እንደ ካልሲ ይወልቃል። ከጭንቅላቱ ጎን ካሉት ሁለት ክንፎች እሾህ ተጠንቀቁ፤ ከቆሮሶ የከፋ ነው። ሥጋው ሰባ ያለ ስለሆነና የጭቃ ጣዕም ስለሚኖረው ለወጥና ለጉላሽ እንጂ ለጥብስ አልመርጠውም።

አምባዛ ይበላል ወይ? ይህ ጥያቄ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሁልጊዜ ይጠየቃል። በማርቆስ 7 ጌታ ስለሚያረክሰውና ስለማያረክሰው ያስተማረውን፣ ጴጥሮስም በሐዋርያት ሥራ 10 ያየውን ራእይ ይዘን እንበላለን፤ ሕሊናችን አይወቅሰንም። ነገር ግን በሮሜ 14 ጳውሎስ መብላት መቻላችንን ብቻ አይነግረንም፤ የወንድማችንን ልብ እንድንመለከትም ያዝዘናል። ኦርቶዶክስ ጎረቤታችሁ ቅርፊት የሌለውን ዓሣ የማትበላ ከሆነ አምባዛውን በበርበሬ ሸፍኖ መላክ ነፃነት አይደለም፣ ማታለል ነው። ለጎረቤት የሚላከው ቆሮሶ ይሁን።

ስለ አሠራሩ ብዙ አልልም፤ ከእኔ ይልቅ የምታውቁ አላችሁ። ለጥብስ ሙሉውን ቆሮሶ ጎንና ጎኑን የአንድ ጣት ስፋት እያራራቃችሁ እስከ አጥንቱ ተልትሉት፤ ዘይቱ ገብቶ ትንንሹን እሾህ ያደርቀዋል። ጨው፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፤ የፉርኖ ዱቄት በስሱ። ዘይቱ መጋሉን ቁንጣሪ ዱቄት ጥላችሁ እዩ፤ ወዲያው ከተንጫጫ ደርሷል። በአንድ ጊዜ አራትና አምስት አትደርድሩ፤ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ዓሣው ይጠጣዋል። ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ በቀላሉ ሲለቅ አውጡት። ድልህ ወይም አዋዜ አጠገቡ ይቅረብ እንጂ ላዩ ላይ አይፍሰስ፤ ልጆችም ይበሉታል።

ጥሬ ዓሣ በሎሚና በሚጥሚጣ የሚበሉ አሉ፤ በሐዋሳ በኩል ይወደዳል። እኔ በቤቴ አላቀርበውም። በሐይቆቻችን ዓሣ ውስጥ ትል ይገኛል፤ ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል እንጂ ትሉን አይገድለውም፣ የሚገድለው እሳት ነው። ስታጸዱ በሆዱ ውስጥ የተጠቀለለ ነጭ ወይም ቀላ ያለ ትል ብታገኙ አትደንግጡ፤ አንሥታችሁ ጣሉ፣ ሥጋውን በደንብ አብስሉ።

ለትንንሽ ልጆች እሾሁ በጣት ተዳብሶ የወጣ ፊሌቶ ብቻ ይሰጥ። ልጆች ዓሣ ሲበሉ አይሣቁ፣ አይሯሯጡ። እሾህ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ትልቅ ጉርሻ አስውጦ ለመግፋት መሞከር የለመድነው ነገር ነው፤ እሾሁን የባሰ ሊያስገባው ይችላልና ካልወረደ ወደ ሐኪም ውሰዱ።

የመጨረሻው ነገር መጥበሻው ነው። ለዓሣ የሚሆን አንድ መጥበሻ፣ አንድ ጭልፋና አንድ የዘይት ጠርሙስ ለይታችሁ አስቀምጡ። ሥጋ የተጠበሰበት መጥበሻ ላይ የተሠራ ዓሣ ለሙስሊም ጎረቤታችሁ ዓሣ ብቻ አይደለም፤ እኛ ያረድነው በግ ስብ አለበት። ቅቤ የነካው ደግሞ ለጾመኛዋ ጎረቤታችሁ አይሆንም። ማንም ላያይባችሁ ይችላል፤ ግን ሲጠይቋችሁ ዓይን ዓይናቸውን እያያችሁ መጥበሻው የዓሣ ብቻ ነው ለማለት ትችላላችሁ። ቀድማችሁም ጠይቁ። እትዬ፣ ጾም ላይ ዓሣ ይበላሉ ወይ ማለት ነውር የለውም፤ የማይበሉ ከሆነ በረመጥ የበሰለ ድንች ውሰዱላቸው። በረመዳን ወር ደግሞ ለማፍጠሪያ እንዲደርስ አስባችሁ ጥበሱ፤ ዓሣ ሲቀዘቅዝ ይከብዳል።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምናችሁ። ሳህኑን ስትወስዱ ከሥሩ ትራክት አታስቀምጡ። ስለ ጌታችን የምንናገርበት ጊዜ አለ፤ ጎረቤት ሲጠይቀን በግልጽ እንናገራለን። ዓሣውን ግን መንጠቆ አናድርገው። የተራበ ሰው ማጥመጃ መሆኑን ሳይነገረው ያውቃል፣ የጠገበም ያውቃል።

ለጎረቤት የምትልኩት ከመጥበሻው መጀመሪያ የወጣው ይሁን፤ ዘይቱ ገና ንጹሕ ነውና ዓሣውም ወርቅ መስሎ ይወጣል። ሎሚውን ሳትጨምቁ ለብቻ አስቀምጡበት። ጭንቅላቱንና አጥንቱን ግን ቤት አስቀሩ፤ ከካሮት፣ ከድንችና ከትንሽ ዝንጅብል ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል ቀቅላችሁ፣ በወንፊት አጥልላችሁ፣ በማግስቱ ለቤተሰቡ ሾርባ ታደርጉታላችሁ።